ከፈርምዌር አፕዴት በኋላ ሜሽ ዋይፋይ ይቆራረጣል፤ ሲግናሉ ግን ሙሉ ነው

ፎቅ_ላይ

ሰላም ለሁላችሁ። ቤት ውስጥ ሦስት ፍሬ ያለው ሜሽ ዋይፋይ (በየክፍሉ ተቀምጠው አንድ ኔትወርክ የሚሆኑ መሣሪያዎች) አለኝ። ዋናው ሳሎን ከሞደሙ ጎን ነው፤ አንዱ ሳተላይት (ከዋናው ተቀብሎ የሚያስተላልፈው) ኮሪደሩ መጨረሻ ላይ፣ ሌላው ፎቅ የምሠራበት ክፍል ውስጥ ነው። እስካሁን ምንም አስቸግሮኝ አያውቅም። ሰሞኑን ሌሊት ላይ ፈርምዌሩን (መሣሪያው ውስጥ ያለውን ሶፍትዌር) ራሱ አፕዴት አደረገ፤ ከዚያ ወዲህ ሰላም የለም። ፎቅ ሆኜ የቪዲዮ ስብሰባ ላይ እያለሁ ድምፄ ይቆረጣል፣ ምስሉ ይደርቃል፣ ከደቂቃ ምናምን በኋላ ራሱ ይመለሳል። ግራ ያጋባኝ ስልኬም ላፕቶፔም ሲግናሉን ሙሉ አድርገው እያሳዩ «ኢንተርኔት የለም» ማለታቸው ነው። በዚያች ሰዓት የሳተላይቱ መብራት ወደ ቀይ ይቀየራል። ሳሎን ስወርድ ግን ፍጥነቱ እንደ ድሮው ነው።

ሁሉንም ነቅዬ መልሼ ሰክቻለሁ፤ ለውጥ የለም። ሙሉ በሙሉ ሪሴት ላድርገው ወይስ ወደ ድሮው ፈርምዌር ልመልሰው? ሥራዬን እየነካብኝ ስለሆነ የምታውቁ ካላችሁ ተባበሩኝ።

ገመድ_ይሻላል

ወንድሜ፣ ከሳሎን እስከ ፎቅ ኬብል መዘርጋት የምትችል ከሆነ ሌላ ነገር ውስጥ አትግባ። ሳተላይት በአየር ሲገናኝ የሚመጣው ጣጣ ሁሉ በአንድ ኬብል ያልቃል። ካት 5ኢ በቂ ነው፤ ቤት ውስጥ ባለው ርቀት ጊጋቢት ያለ ችግር ይሸከማል።

ዳግም_ጀማሪ

እኔ ደግሞ ሪሴት እላለሁ። ትልቅ አፕዴት ሲመጣ የድሮው ሴቲንግ ከአዲሱ ጋር አይስማማም። ሦስቱንም ወደ ፋብሪካ መልስና እንደ አዲስ አዋቅር። ያስቀመጥከው ባክአፕ ካለ እሱን መልሰህ እንዳትጭን፤ ችግሩን ራሱን ነው መልሰህ የምትጭነው።

ማታ_ፈረቃ

ስለ ባክአፑ የተባለው ትክክል ነው፤ ሪሴቱን ግን ለጊዜው ይያዙት። ሪሴት ካደረጉ ሎጉ (ራውተሩ የሆነውን የሚመዘግብበት) አብሮ ይጠፋል። ሎጉ ከጠፋ ምን እንደነበረ ማወቂያ የለም፤ ችግሩ በአጋጣሚ ቢለቅ እንኳ ተመልሶ ሲመጣ ከዜሮ ነው የሚጀምሩት።

መጀመሪያ የሦስቱንም መሣሪያ የፈርምዌር ቁጥር አንድ በአንድ ገብተው ያንብቡ። አፑ «አፕዴት ተደርጓል» ስላለ ሦስቱም ተሻሽለዋል ማለት አይደለም።

ከዚያ ፎቅ ሆነው በላፕቶፑ ሁለት የማያቋርጥ ፒንግ (መልስ ይመጣ እንደሆነ የሚፈትሽ ትእዛዝ) ጎን ለጎን ይክፈቱ። አንዱ ወደ ዋናው ራውተር ይሁን፤ አድራሻው ብዙ ጊዜ 192.168.1.1 ወይም 192.168.0.1 ነው። ሌላው ወደ 8.8.8.8፣ ማለትም ውጭ ወዳለው የጉግል ሰርቨር ይሁን። ሲቆረጥ ሁለቱም አብረው ከቆሙ ችግሩ ቤትዎ ውስጥ ነው። ወደ ራውተሩ የሚሄደው ሳይነቃነቅ የውጭው ብቻ ከቆመ ሞደሙን ወይም መስመሩን እንጠረጥራለን። ሁለቱም እየሠሩ ገጽ አልከፍት ካለ ደግሞ ዲኤንኤስ (የገጹን ስም ወደ አድራሻ ቁጥር የሚቀይረው) ነው። ይህን ሳይለዩ ሴቲንግ መነካካት ጊዜ ማባከን ነው።

የተቆረጠበትን ሰዓትም ይያዙና በዋናው ራውተር ሲስተም ሎግ ላይ ያንኑ ደቂቃ ይፈልጉ። አፑ ሎግ ላያሳይ ይችላል፤ በብራውዘር የራውተሩን አድራሻ ጽፈው ይግቡ።

ፎቅ_ላይ

እግዜር ይስጥልኝ። ቁጥሮቹን አየሁ። ዋናውና የኮሪደሩ አዲሱን ይዘዋል፣ የፎቁ ግን አሁንም በድሮው ላይ ነው! አፑ ይህን አንድም ቦታ አልነገረኝም። ፒንጉን ደግሞ አደረግኩ፤ ሲቆረጥ ሁለቱም አብረው ይቆማሉ። ሳሎን ላይ ተቀምጬ ስሞክረው ሁለቱም አይቆሙም።

እናት_ሰሌዳ

እንግዲህ መስመሩ ነጻ ወጣ፤ ችግሩ በዋናውና በፎቁ ሳተላይት መካከል ነው። መጀመሪያ የቀረውን ሳተላይት ከሌሎቹ ጋር እኩል አድርገው። በቆመበት ቦታ በአየር አፕዴት ለማድረግ አትሞክር፤ ግንኙነቱ እየተቆረጠ ፋይሉ በትክክል አይወርድም። ሳሎን አውርደህ ከዋናው ጋር በኬብል አገናኘውና እዚያው አፕዴት አድርገው። መብራቱ እስኪረጋጋ ድረስ ከኤሌክትሪኩ እንዳትነቅለው፤ ሲጻፍ መሐል ላይ ከተነቀለ መሣሪያው ጨርሶ ሊሞት ይችላል።

ለሌላ ጊዜ፣ በእጅ አፕዴት ስታደርጉ እኔ ሁልጊዜ ሳተላይቶቹን አስቀድማለሁ፤ ዋናውን ለመጨረሻ። ዋናው ቀድሞ ከተቀየረና የድሮ ቅጂ ያለው ሳተላይት ከሱ ጋር አልግባባ ካለ አፕዴቱን የሚያወርድበት መንገድም አብሮ ይዘጋል።

ባለ_ካሜራው

ሰላም፣ በዚሁ ልጠይቅና፣ የእኔም ከአፕዴት በኋላ የመጣ ነው ግን ሌላ ዓይነት። ስልኮቹ ደህና ናቸው። ሁለት ካሜራዎችና የማብሪያ ሶኬቶች ግን ጨርሶ አልገናኝ አሉ። ፓስወርዱ አልተቀየረም። አሮጌ ላፕቶፕ ደግሞ አለ፣ እሱ የዋይፋዩን ስም ራሱ አያየውም።

እናት_ሰሌዳ

ሁለቱ የተለያዩ ችግሮች ናቸው።

የካሜራዎቹ፦ ሴኪዩሪቲ የሚለውን ገብተህ እይ። አፕዴቱ የዋይፋዩን የጥበቃ ዓይነት ከደብሊውፒኤ2 ወደ ደብሊውፒኤ3 ወይም ወደ ሁለቱ ቅልቅል ቀይሮት ይሆናል። ደብሊውፒኤ3 የመጣው በ2018 ነው (እ.ኤ.አ.)። ከዚያ በፊት የተሠሩና አሁንም የሚሸጡ ርካሽ ዕቃዎች አያውቁትም፤ አንዳንዶቹ ቅልቅሉን ሲያዩም ግራ ይገባቸዋል። «ፋስት ሮሚንግ» ወይም 802.11አር የሚለውም በርቶ ከሆነ አጥፋው፤ አሮጌ ዕቃዎች በሱ ምክንያት አንገባም ይላሉ። አብዛኞቹ ሶኬቶችና ካሜራዎች 2.4 ጊጋኸርዝ ብቻ እንደሚያውቁም አትርሳ። ሁለቱ ባንዶች (2.4 እና 5 ጊጋኸርዝ) በአንድ ስም ሲጣመሩ መጀመሪያ ስታገናኛቸው ያስቸግራሉ።

የላፕቶፑ፦ የዋይፋይ ካርዱ አሮጌ ኢንቴል ከሆነ ድራይቨሩን አሻሽል። የድሮ ድራይቨር ያላቸው አንዳንድ የኢንቴል ካርዶች ዋይፋይ 6 የበራበትን ኔትወርክ በዝርዝሩ ውስጥ ጭራሽ አያሳዩም። አፕዴቱ ዋይፋይ 6ን በ2.4 ላይም አብርቶት ከሆነ ላፕቶፑ የሚያየው ነገር አይኖርም። ድራይቨሩን በኬብል ወይም በፍላሽ አምጥተህ ጫንለት።

ዳግም_ጀማሪ

ታዲያ ለምን አይቀልም? ሁሉንም ወደ ደብሊውፒኤ2 መልሶ መገላገል ነው።

እናት_ሰሌዳ

ለሁለት ካሜራ ብለን የሁሉንም ስልክና ላፕቶፕ ጥበቃ አናውርድ። ሜሹ የእንግዳ ኔትወርክ ወይም የዕቃዎች ኔትወርክ የሚባል ይኖረዋል። እሱን ለብቻው በ2.4፣ በደብሊውፒኤ2፣ በ20 ሜጋኸርዝ ስፋት ክፈተውና ካሜራና ሶኬት ሁሉ እዚያ ይግባ። እንዲያውም ይሻላል፤ ደካማ ዕቃ አንዱ ቢጠለፍ እንኳ ወደ ላፕቶፕህ መሻገሪያ አያገኝም። ካሜራውን ከስልክህ ማየት ካቃተህ ግን የእንግዳው ኔትወርክ በመሣሪያዎች መካከል ግንኙነት ስለሚዘጋ ነው፤ መፍቀጃው ብዙ ጊዜ እዚያው ሴቲንጉ ውስጥ አለ።

ፎቅ_ላይ

እህቴ ባልሽኝ መሠረት ሳተላይቱን አውርጄ በኬብል አፕዴት አደረግኩት፤ አሁን ሦስቱም አንድ ናቸው። መጠነኛ መሻሻል አለ። መቆረጡ ግን አልቆመም። ሎጉን ከፍቼ ከሰዓቱ ጋር ሳመሳክር በተቆረጠበት ደቂቃ ሁሉ አንድ ዓይነት መስመር ነው የማየው፤ «ራዳር ተገኘ፣ ቻናል ተቀየረ» የሚል። ቤቴ አጠገብ ራዳር የሚባል ነገር የለም። ምንድን ነው?

ማታ_ፈረቃ

ተገኘ። ይህን ትንሽ በሰፊው ልጻፈው፤ ከአፕዴት በኋላ «ሲግናል ሙሉ፣ ኢንተርኔት የለም» የሚሉ ሰዎች ብዙ ጊዜ የሚያልፉት ነገር ነው።

በ5 ጊጋኸርዝ ላይ ያሉት ቻናሎች እኩል አይደሉም። ከ36 እስከ 48 ያሉት በነጻነት ይሠራባቸዋል። ከ52 እስከ 64 እና ከ100 እስከ 144 ያሉት ግን የአየር ሁኔታና የወታደር ራዳሮች የሚጠቀሙባቸው ሞገዶች ናቸው። ራውተር እንዲጠቀምባቸው የተፈቀደለት በቅድመ ሁኔታ ነው፤ ደንቡ ዲኤፍኤስ ይባላል። ራውተሩ ቻናሉን ከመያዙ በፊት ቢያንስ 60 ሰከንድ ዝም ብሎ ማዳመጥ አለበት። ሲሠራ ቆይቶ ራዳር የሚመስል ነገር ከሰማ በ10 ሰከንድ ውስጥ ለቆ መውጣት፣ ከዚያም ለ30 ደቂቃ ወደዚያ ቻናል አለመመለስ ግዴታው ነው። ወደ ሌላ የዲኤፍኤስ ቻናል ከዘለለ እዚያም 60 ሰከንዱን ያዳምጣል። የእርስዎ «ደቂቃ ምናምን» ከዚህ ጋር ይገጥማል።

ራዳሩ አጠገብዎ መሆን የለበትም፤ ከሩቅ ይሰማል። ጨርሶ ራዳር ሳይኖርም የጎረቤት ዋይፋይ ወይም ሌላ ረብሻ ራዳር መስሎት ሊዘል ይችላል። አዲስ ፈርምዌር የማዳመጫውን ንቃት ቀይሮት ከሆነ ትናንት ዝም ይል የነበረው ዛሬ በጥቂት ነገር ይደነግጣል።

ትናንት ያልነበረው ዛሬ ለምን መጣ ለሚለው፣ የቻናል ስፋቱን ይዩ። አፕዴቱ ወደ 160 ሜጋኸርዝ አሳድጎት ወይም «አውቶ» አድርጎት ይሆናል። 160 ማለት ከ36 እስከ 64 ያለውን በአንድ ላይ መያዝ ነው፤ ስለዚህ 36 ላይ ነኝ ቢልዎትም ግማሹ የዲኤፍኤስ ክልል ውስጥ ነው። በ80 ሲሆን ግን ከ36 እስከ 48 ላይ ያበቃል፤ ራዳር የሚባል ነገር አይመለከተውም።

ሲግናሉ ለምን ሙሉ ሆነ? ስልክዎ የሚለካው ከሱ እስከ ፎቁ ሳተላይት ያለውን ሲግናል ብቻ ነው፤ እሱ አጠገብዎ ስለሆነ ሁልጊዜ ሙሉ ነው። የተቆረጠው ከሳተላይቱ እስከ ዋናው ያለው ነው፤ ስልኩ ያንን የሚያይበት መንገድ የለውም። ደጃፉ ተጠርጎ መንገዱ እንደተዘጋ ቤት ነው። ሜሽ ያለው ሰው የስልኩን ሲግናል ሳይሆን የሳተላይቱን ነው ማየት ያለበት፤ አፑ ውስጥ ሳተላይቱን ሲነኩ በዲቢኤም (የሲግናል ጉልበት መለኪያ፤ ወደ ዜሮ በቀረበ ቁጥር ጠንካራ ነው) ይጽፈዋል። ከ-50 እስከ -65 ከሆነ ጥሩ ነው። ከ-75 በታች ከወረደ ሳተላይቱ ራሱ የሚበላው የለውም።

አሁን ስፋቱን 80 ያድርጉ፣ ቻናሉን ከ36፣ 40፣ 44 ወይም 48 አንዱን በእጅ ይምረጡ፣ ሌላ ምንም ሳይነኩ አንድ ቀን ይጠብቁ። ሁለት ነገር አብረው ከቀየሩ የትኛው እንደሠራ አናውቅም።

አዲስ_ገቢ

ይቅርታ በመሐል ገባሁ። የእኔ ሳተላይቶች በኬብል ነው የተያያዙት፤ ከአፕዴቱ ወዲህ ግን ሁሉም ነገር በየተወሰነ ጊዜ ቀጥ ይላል፣ ሳሎን ያለው እንኳን። ስዊቹ (ኬብሎቹ የሚሰኩበት ማከፋፈያ) ላይ ያሉት መብራቶች ሁሉ አንድ ላይ እንደ እብድ ብልጭ ብልጭ ይላሉ።

ማታ_ፈረቃ

ሁሉም መብራት እኩል የሚርገበገብ ከሆነ ሉፕ ነው። አንድ መልእክት በሁለት መንገድ እየዞረ ራሱን ያባዛል፤ ኔትወርኩ በሱ ይጥለቀለቃል። አንዱ ሳተላይት በሁለት ኬብል የተያያዘ እንደሆነ፣ ወይም ኬብል እያለው በአየርም ከዋናው ጋር እየተገናኘ እንደሆነ ይዩ። የድሮው ፈርምዌር ትርፉን መንገድ ራሱ እየዘጋ ይሆናል፤ አዲሱ ያንን ትቶት ሊሆን ይችላል። ኬብሎቹን ከስዊቹ አንድ በአንድ እየነቀሉ መብራቱ የሚረጋጋው በየትኛው እንደሆነ ያግኙ።

ገመድ_ይሻላል

ኬብል ሁሉን ይፈታል ያልኩት በትክክል ለተዘረጋ ነው፤ ይህንን ልጨምርበት። ኬብል ካለ በአየር የሚደረገውን የሳተላይት ግንኙነት ከሴቲንጉ አጥፉት።

የማተሚያው_ባለቤት

የእኔን ለሚያነብ ሰው ይጠቅም ይሆናል። ከአፕዴቱ በኋላ ተስፋ ቆርጬ ሪሴት አደረግኩት። ኢንተርኔቱ መጣ፣ ፕሪንተሩ ግን ጠፋ። ለካ ሜሹ በፊት አክሰስ ፖይንት ሞድ ላይ (ዋይፋይ ብቻ የሚያሰራጭ፣ የራውተሩን ሥራ ለሞደሙ የሚተው) ነበር፤ ሪሴቱ ወደ ራውተር ሞድ መለሰው። ፕሪንተሩ በኬብል ከሞደሙ ጋር ነው፣ ስልኮቹ ደግሞ ከሜሹ ጀርባ፤ ሁለት የተለያየ ኔትወርክ ሆኑ። ማወቂያው ቀላል ነው፦ ሜሹ «የኢንተርኔት አይፒ» ብሎ የሚያሳየው በ192.168 ወይም በ10 የሚጀምር ከሆነ ከፊቱ ሌላ ራውተር ሳይኖር አይቀርም። ወደ አክሰስ ፖይንት ሞድ መለስኩትና ፕሪንተሩ ወዲያው ተገኘ።

ፎቅ_ላይ

ሌሊቱንም ቀኑንም ጠበቅኩ። ስፋቱ እውነትም 160 ላይ ነበር፤ እኔ ነክቼው አላውቅም። 80 አድርጌ ቻናል 44 ላይ አሰርኩት። ሎጉ ላይ ራዳር የሚል መስመር አንድም የለም፣ ስብሰባውም ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ሳይቆረጥ ሄደ። ማታ_ፈረቃ፣ እናት_ሰሌዳ፣ እግዚአብሔር ያክብርልኝ።

አንድ የቀረ ነገር አለ። ከሳሎን ወደ ፎቅ ስወጣ ስልኬ ታች ያለውን ይዞ ይቀራል፤ ዋይፋዩን አጥፍቼ ካላበራሁት የፎቁን አይዝም። ይህም ከአፕዴቱ ወዲህ ነው።

እናት_ሰሌዳ

የትኛውን ልያዝ የሚለውን የሚወስነው ስልኩ ነው፤ ሜሹ ሐሳብ ብቻ ነው የሚያቀርበው። ለምሳሌ አይፎን ሌላ መፈለግ የሚጀምረው የያዘው ሲግናል ወደ -70 ዲቢኤም ሲወርድ ነው። ታች ያለው በጉልበት የሚያስተላልፍ ከሆነ ፎቅ ላይ ሆነህም -66 ይሰጥሃል፤ ስልኩ ምን ቸገረኝ ብሎ ይቀመጣል። አፕዴቱ የማስተላለፊያ ኃይሉን ወደ ከፍተኛ መልሶት እንደሆነ እይና የዋናውን ወደ መካከለኛ አውርደው። 802.11ኬ እና 802.11ቪ የሚሉት ካሉ ይብሩ፤ እነሱ ለስልኩ አጠገብህ ማን አለ የሚለውን ይነግሩታል። ካወረድከው በኋላ ግን የሳተላይቱን ዲቢኤም መልሰህ እይ። በጣም ካወረድከው ሳተላይቱም አብሮ ይጎዳል።

ዳግም_ጀማሪ

ለማንኛውም አውቶማቲክ አፕዴትን ለዘለቄታው ማጥፋት ነው። የሚሠራ ነገር ለምን ይነካል?

ማታ_ፈረቃ

ንዴቱ ይገባኛል፤ በዚህ ግን አልስማማም። እ.ኤ.አ. በ2017 ክራክ የሚባለው ክፍተት በደብሊውፒኤ2 ላይ ሲገኝ፣ በ2021 ደግሞ ፍራግአታክስ የተባሉት ሲወጡ መድኃኒቱ አፕዴት ብቻ ነበር። ሁለቱንም ይፋ ያደረገው ማቲ ቫንሆፍ የተባለው ተመራማሪ ነው፤ በተለይ ሁለተኛዎቹ ከሞላ ጎደል ያልነኩት የዋይፋይ ዕቃ የለም። ቤት ውስጥ ያለው ሁሉ የሚያልፍበትን መሣሪያ ከነክፍተቱ መተው ትልቅ አደጋ ነው። እኔ የማደርገው፣ አውቶማቲኩን አጠፋና አዲስ ቅጂ ሲወጣ ጥቂት ሳምንት እታገሣለሁ፤ ሌሎች የጻፉትን አነባለሁ፤ ከዚያ ሥራ በሌለበት ቀን ራሴ አደርገዋለሁ። ከመጀመሬ በፊት የቻናል፣ የስፋት፣ የሴኪዩሪቲና የሞድ ገጾቹን በስልክ ፎቶ አነሣለሁ። አፕዴቱ የትኛውን እንደቀየረ ያን ጊዜ በዓይን ይታያል። ወደ ድሮው መመለስም ቢሆን ሁሉም አምራች አይፈቅድም፤ እንደ ዋስትና አይያዝ።

ፎቅ_ላይ

ኃይሉን መካከለኛ አደረግኩት፣ ስልኩ ደረጃው ላይ እያለሁ መቀየር ጀመረ። የሳተላይቱ -61 ነው። የመጨረሻ ጥያቄ፦ 160ውን በመተዌ የማጣው ፍጥነት ይኖራል? መስመሬ 200 ሜጋቢት ነው።

ማታ_ፈረቃ

በወረቀት ላይ ሁለት አንቴና ያለው የዋይፋይ 6 ስልክ በ80 እስከ 1201 ሜጋቢት፣ በ160 እስከ 2402 ይገናኛል። በተግባር ከዚያ ቢያንስ ሲሶው ይቀነሳል። ቢቀነስም ከእርስዎ 200 እጅግ በላይ ነው፤ ምንም አያጡም። ይተዉት።

ባለ_ካሜራው

ለብቻው ኔትወርክ ከፍቼ ካሜራዎቹ ገቡ፣ ሶኬቶቹም። ላፕቶፑ በድራይቨር ተስተካከለ። እናት_ሰሌዳ አመሰግናለሁ።

አዲስ_ገቢ

የእኔ እውነትም ሉፕ ነው። አንዱ ሳተላይት ከስዊቹም ከዋናውም ጋር ተያይዞ ነበር፤ አንዱን ስነቅል መብራቶቹ ወዲያው ተረጋጉ። ግን አሁን እዚያ ክፍል ፍጥነቱ ከ94 አያልፍም፣ መስመሩ ደግሞ 300 ነው።

ገመድ_ይሻላል

94 ካለህ ኬብሉ በ100 ሜጋቢት ነው የተገናኘው። ጊጋቢት ስምንቱንም ሽቦ ይፈልጋል፣ 100 ግን አራቱ ይበቁታል። አንዱ ሽቦ ካልነካ ራሱን ወደ 100 ያወርዳል። ፖርቱን ገብተህ እይ፤ 100 ካለ የኬብሉን ጫፎች ፈትሽ።

አዲስ_ገቢ

100 ይላል። ጫፉን በቅርበት ሳየው ቡናማው ሽቦ ፒኑ ጋ ሳይደርስ ቀርቷል። ቆርጬ በአዲስ ጫፍ አሰርኩት፤ አሁን 1000 ይላል።